ከማረፊያው እስከ ቀይዋ ምልክት

ኦክቶበር 17 ቀን 2025። ዛሬ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ አራት የሽርሽር መርከቦች ቆመዋል።

ውድ ኤመሪ፣

አራት መርከብ በአንድ ቀን ሲገባ ከተማው ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም። ጠዋት የመጀመሪያውን ፌሪ ይዘን ከዳርትማውዝ ስንነሳ ማዶ ተደርድረው ነበር፤ መብራታቸው ገና አልጠፋም። እኩለ ቀን ላይ ሰዎቻቸው ጀልባችንን ሞሉት። አንዲት አሮጊት ዳርትማውዝ ከደረስን በኋላ አልወርድም አለች፤ ጉብኝቱ ገና የተጀመረ መስሏት ነው። ገመድ ሠራተኛው ገስ ጎንበስ ብሎ፣ «እሜቴ፣ ይሄ ጀልባ ከማዶ ወዲህ፣ ከወዲህ ማዶ ነው። ሌላ ቦታ ይሄድ እንደሆነ ብዬ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አላት። ሳቀችና ወረደች።

ገስ ደህና ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ስላንተ ከሌሎቹ ጋር እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ እኔ ስገባ ወሬው ይቀየራል።

ዘጠኝ ዓመት አልጻፍኩልህም። በመጀመሪያው ዓመት የገና ካርድ ገዝቼ ነበር። ስምህን ጻፍኩበት፤ ከስምህ ቀጥሎ የሚጻፍ ስላጣሁ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ምክትልህ ሳለሁ በሥራ ላይ «ካፒቴን»፣ ከሥራ ውጪ «ኤመሪ» ነበር የምልህ። ዛሬ የቱን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ እናትህ ባወጣችልህ ስም ጀመርኩ።

ማክሰኞ ማታ ልጅህ ኮሌት ደወለችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመሪው ክፍል ጥግ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ነው የማውቃት፤ አሁን ሁለት ልጅ አላት። ድሮ «ሎርን» ነበር የምትለኝ፤ ማክሰኞ «አቶ ዝዊከር» አለችኝ። ለወንዝ ፌሪ ሥራ እንዳመለከትክ ነገረችኝ። በብረት ገመድ የሚጎተት፣ አሥራ ሁለት መኪና የሚጭን፣ በአምስት ደቂቃ የሚሻገር። ቀጣሪዎቹ ወደውህ ነበር አለች፤ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን የድሮውን መዝገብ አወጣ። መዝገቡ ላይ፣ በጉም ጊዜ ጡሩምባ ሳያሰማ ተነሥቷል፣ ምክንያቱንም ተጠይቆ አላቀረበም ይላል። ይግባኝ ማለት ወይም ምስክር ማቅረብ የሚቻለው እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። አንተ ግን አንድ መስመር አልጽፍም ብለሃል።

«አባቴ ጥፋቱ የኔ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም» አለችኝ። «ምክንያት ከነበረው እርስዎ ያውቁታል፤ አጠገቡ ነበሩ። ከሌለውም የለውም ይበሉኝና ልተወው። ከሱ ጋር መሟገት ሰልችቶኛል።»

አስቤ እደውልልሻለሁ አልኳት። አልደወልኩም። ትናንት መልእክት ላከች፤ አነበብኩና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ዛሬ ዓርብ ነው።

ምክንያት ነበረህ። እሱን አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው ግን አለ። እዚያ ለመድረስ የምታውቀውንም መጻፍ አለብኝ፤ በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩት አጠገቡ ስደርስ ዘልዬው እንዳላልፍ እፈራለሁ።

2012 መኸር ላይ ነው የተጀመረው። ሚስቴ ዳርሊን ያኔ የአደጋ ጊዜ ስልክ ተቀባይ ነበረች፤ ሌሊት ትሠራና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤት ትገባለች። ቤታችን ዳርትማውዝ፣ ከፌሪው ማረፊያ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት ውሃውን ያያል። በዚያ ኦክቶበር አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጉም አልተነሣም። በጉም ጊዜ ስትነሣ አንድ ረጅም ጡሩምባ፣ ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ሌላ ረጅም። ዳርሊን ዓይኗ ሳይከደን ወደ ሥራ መመለስ ጀመረች። በስምንተኛው ቀን ጫማዋን መስኮቱ ላይ ወረወረች። በዘጠነኛው ቀን ትሩሮ ከተማ እህቷ ጋ እንደምትሄድና ወይ ጀልባው ወይ እኔ ከዚያ ሰፈር ካልጠፋን እንደማትመለስ ነገረችኝ።

ሻይ እየጠጣን ይህንን እንደ ቀልድ አወራሁልህ። በእርግጥ ቀልድ አልነበረም፤ ሁለታችንም አውቀነዋል።

«ለምን ቤት አትለውጡም?» አልከኝ።

«ኪራዩ ርካሽ ነው።»

«ርካሽ የሆነው በኔ ጡሩምባ ምክንያት ነዋ» አልክና ሻይህን ጨረስክ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከማረፊያው ጫፍ ወዲያ አያሳይም ነበር። ገስ ገመዱን ፈታ። ጣትህን ጡሩምባው ቁልፍ ላይ አስቀመጥክ፤ ከዚያ አነሣኸው። ተነሣን። እስከ ቀይዋ ተንሳፋፊ ምልክት ድረስ አራት ደቂቃ በዝምታ ሄድን። ምልክቷን እንዳለፍን ነፋህና ወደኔ ዞርክ።

«ከማረፊያው እስከ ቀይዋ ድረስ ዝም እላለሁ» አልከኝ። «ከቀይዋ ወዲያ ግን ሙታን እስኪነሡ ነው የምነፋው። ለአንድ ሳምንት ነው ደግሞ። ለሚስትህ ከኔ የተሰጠ ስጦታ ነው በላት።»

ነገርኳት። በዚያ ሳምንት ተኛች። ትሩሮም አልሄደች። ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላ ጉም መጣ፤ አንተም እኔም ቀን አልቆጠርንም። አራት ዓመት ሆነ።

እንዲህ ያለ ስህተት አዲስ ካፒቴን አይሠራም፤ አዲስ ካፒቴን ቀን በፀሐይም ይነፋል። እኛ ወደቡን እናውቀዋለን ባዮች ነበርን። በዚያ ሰዓት ከዳርትማውዝ በኩል ከኛ በቀር የሚንቀሳቀስ እንደሌለ እናውቃለን፤ ገስ ከፊት ቆሞ ያያል፤ ተሳፋሪዎቹም የየራሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ሰው እንኳ ዛሬ ለምን አልነፋችሁም ብሎ አልጠየቀም። አንተ ብቻ በየጉሙ ጠዋት እኔን ትጠይቀኝ ነበር።

«ዳርሊን ተኝታለች?»

«ተኝታለች» እልሃለሁ። ጣትህን ከቁልፉ ላይ ታነሣለህ።

ከዚያ የ2016 ሴፕቴምበር መጣ። ሁለት የሽርሽር መርከብ ገብቶ ነበር። ከአንደኛው ሠላሳ አንድ ሰው የጫነች አስጎብኚ ጀልባ በጉሙ ውስጥ መንገድ ስታ ወደኛ በኩል ተጠግታለች። ካፒቴኗ በዚያ ወቅት የተቀጠረ ሰው ነው፤ ወደቡን ከካርታ ነው የሚያውቀው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣን። ራዳሩ ከማረፊያው አጠገብ ያለውን ነገር ከግድግዳው አይለይም። ገስ ከፊት ሲጮህ ሞተሩን ወደኋላ መለስከው። አንተን ያህል ፈጥኖ የሚመልሰው ሌላ ሰው አላውቅም፤ ይህንን አደጋውን የመረመረው ቦርድ ፊትም ተናግሬያለሁ። የተናገርኩት ጥሩ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ግጭቱ ትንሽ ነበር። እኛ ጋ የአንድ ሰው ቡና እንኳ አልፈሰሰም። እነሱ ጋ ግን ሚስስ ኦልሰን የምትባል የሰባ አንድ ዓመት ሴት ከሚኒሶታ መጥታ ደረጃ ላይ ቆማ ጉሙን ፎቶ ታነሣ ነበር። ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። መርከቧ እሷንና ባሏን አልጠበቀችም፤ መርከብ ሰው አይጠብቅም። መርከበኞቹ የሁለቱን ሻንጣ መሬት ላይ አውርደው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ። እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ ረጅም ነፉ። አንተ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት እየጻፍክ ነበር። ሦስቱም አልቀው ማሚቶው እስኪጠፋ ብዕርህን አስቀመጥክ። እኔ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ነበር። ያኔ ብነግርህ ኖሮ ሪፖርቱ ገና አላለቀም ነበር።

ኖቬምበር ላይ ቦርዱ ፊት ቀረብን። የአስጎብኚዋ ጀልባ ካፒቴን ቀድሞን ተናገረ። የተናገረው አሁንም ቃል በቃል ይመጣብኛል። «ፌሪው ሲነሣ ይነፋል ብለው ነግረውኝ ነበር» አለ። «ስላልነፋ አልተነሣም ብዬ በፊቱ ላልፍ ሄድኩ።»

ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ፣ ካፒቴኑ ከዳርትማውዝ ሲነሣ አለመንፋቱ የተለመደ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የጡሩምባው ውሳኔ የካፒቴኑ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ሕጉም እንደዚያ ይላል። አመስግና አሰናበተችኝ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አንተ እስክትናገረው ጠበቅኩ። ብትናገረው አልክድህም ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። የዳርሊንን ስም ስታነሣ ተነሥቼ አዎን እውነት ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር።

«ለምን አልነፉም?» አለችህ።

ኮፍያህ ጉልበትህ ላይ ነበር። አገላበጥከው። ወደኔ አልዞርክም፤ አንድ ጊዜ እንኳ።

«በቂ ምክንያት የለኝም» አልክ።

አሥራ ስምንት ወር ታገድክ። እገዳው ሲያልቅ ተመለስ ብለው ጻፉልህ፤ አልተመለስክም። ቤታችሁን ሸጣችሁ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ፐብኒኮ ገባችሁ። ከአማትህ ልጅ ጋር የሎብስተር ወጥመድ ትጠግናለህ ሲሉ ሰማሁ። የሚስስ ኦልሰን ባል ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። በምርኩዝ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ መርከብ ላይ አልወጣችም።

አሁን የማታውቀውን ልጻፍ።

ዳርሊን የሌሊት ሥራውን የተወችው በ2014 ኤፕሪል ነው። የቀን ፈረቃ ሰጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከቤት ትወጣለች፤ በመኪና በድልድዩ ስለምትሄድ ፌሪ ላይ አይተሃት አታውቅም። ከአደጋው በፊት ሁለት ዓመት ከአምስት ወር፣ እኛ ዝም የምንለው ባዶ ቤት እንዳይረበሽ ነበር። ተኝታለች ስልህ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

በዚያ ጠዋትም ጠየቅከኝ። ጉሙን እያየህ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ዳርሊን ተኝታለች አልከኝ። ተኝታለች አልኩህ። ሥራ ከገባች ሰዓት አልፏት ነበር።

ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ መጀመሪያ ላይ ረስቼ ነው የመለስኩልህ፤ ጥያቄህ ደህና አደርክ እንደማለት ነበር፣ መልሴም እንደዚያው። ከዚያ ሁለት ወር አለፈና፣ አሁን ብነግረው እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም ይለኛል አልኩ። ይህኛው ለኮሌት ብነግራት ትቀበለው ይሆናል።

ሁለተኛው ያሳፍረኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት መቶ ሰው የጫነ ጀልባ ስለኔ ብሎ አራት ደቂቃ ዝም ሲል ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ እንኳ ስለኔ ብሎ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ለሌላ ምክትል እንደዚያ አላደረግክም፤ እኔ ደግሞ ስጦታው እንዲያልቅ አልፈለግኩም።

ትናንት ማታ ለዳርሊን ነገርኳት። የቀን ፈረቃ ስትጀምር ዝምታው ያበቃ መስሏት ነበር፤ እስከ ትናንት አታውቅም። ያኔ ጋዜጣው ላይ አንብባ፣ ለምን ሳይነፋ ተነሣ ብላኝ ነበር፤ አላውቅም አልኳት። ትናንት ሰሃን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው።

«እኔ ስልክ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጩኸት ስሰማ፣ አንተ ተኝታለች ትለዋለህ?»

«አዎ።»

«ሰውየው ለኔ ብሎ ነው እንጀራውን ያጣው?»

«እንደዚያ ነው የሚያስበው።»

እጇን በፎጣ አደረቀች፤ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። «በኔ እንቅልፍ ነው ለካ ይህን ያህል ዘመን የተሸሸግከው» አለች። «እኔ ደግሞ ሰውየው ሰክሮ ነበር እያልኩ ለሰፈር ሰው ስነግር ኖርኩ።» ከዚያ ገብታ ተኛች። ዛሬ ጠዋት ምንም ሳትናገረኝ ወጣች። ሸሚዜን ግን ተኩሳ ወንበሩ ላይ አኑራዋለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅኩም።

ሸሚዙ ለነገ ነው። ይህንንም ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው። ከነገ ጀምሮ ዋና ካፒቴን ነኝ። አንተ የነበርክበት ቦታ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ማረፊያው ፊት ወንበር ይደረደራል፣ ኬክ ይቆረጣል። አለቃችን የሚያነበውን ንግግር አሳይቶኛል፤ ሠላሳ ዓመት ያለ አንድ ነቀፋ ይላል። ማስተካከል የምትፈልገው ካለ አለኝ። የለም አልኩት።

አሁን ከሥራ ወጥቼ ሃሊፋክስ በኩል ወይዘሮ ሻዲያ ልብስ ስፌት ቤት ተቀምጫለሁ። ሻዲያን ታስታውሳታለህ፤ ያንተንም ኮት እሷ ናት የሰፋችው። ወረቀቱ ከሷ የተለመነ ነው፤ ጀርባው ላይ የሰው ወገብ ልክ ተጽፎበታል። የዋና ካፒቴንነቱን አራተኛ ጥብጣብ እጅጌዬ ላይ እየሰፋች ነው። ቀኙን ጨርሳለች። ግራው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ስገባ፣ «የኔ ካፒቴን፣ ከእንግዲህ በዚህ እጅ ዓሣ አትንካ፤ ጥብጣቡ ሽታ ይይዛል» አለችኝ። ሳቅኩላት። አንድ ሰዓት ሙሉ እየጻፍኩ ስታየኝ፣ ንግግር ነው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ ነው። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ማዶ ነው። የአሥር ሰዓቱን ፌሪ ከያዝኩ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ዳርትማውዝ እወርዳለሁ፤ ከዚያ የስድስት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ኮቱን ልጠብቅ ካልኩ የሚቀጥለው አሥር ተኩል ላይ ነው የሚነሣው። ቢሮው ደግሞ በዚያው ደቂቃ ይዘጋል። ለኮሌት አሁን ደወልኩላት፤ ልጆቿን ከትምህርት ቤት እየወሰደች ነበር። ምክንያት ነበረው፣ ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ አልኳት። «ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ያውቃሉ አይደል?» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እዚያ የምናገረው ይህ ነው፤ ለሌላ ሰው ሳልናገረው በፊት ላንተ ነው የምጽፈው። «ካፒቴን ኤመሪ ሱሬት ከዳርትማውዝ ሲነሣ መንፋት ያቆመው በኔ ምክንያት ነው። ሚስቴ ቀን ስለምትተኛ ነበር። ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ግን ሚስቴ ቀን አትተኛም፤ እኔ አልነገርኩትም። አደጋው በደረሰበት ጠዋት ጠይቆኛል፤ ዋሽቼዋለሁ። ቦርዱ ሲጠይቀኝም ደብቄአለሁ።» ከዚህ በላይ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ፈቃድህን ይመልሱልህ እንደሆነ አላውቅም። ጡሩምባው በካፒቴኑ እጅ ነው ይሉህ ይሆናል፤ አንተም እንደዚያ ትላለህ። የሚስስ ኦልሰን ዳሌም ምክንያቱ ስለተገኘ አይጠገንም። እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ ደግሞ እገምታለሁ። ነገ ወንበሮቹ ባይደረደሩ ገስ ቀድሞ ይሰማል፤ ከሱ መስማቱ ለሌሎቹም ይሻላቸዋል።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም። ለወዳጅህ ትዳር ብለህ የታገሥክ መስሎህ ዘጠኝ ዓመት ወጥመድ ስትጠግን ኖርክ፤ ትዳሩ ግን ያንተን ዝምታ መፈለግ ከተወ ቆይቶ ነበር። ይህን ስታነብ የምትለኝን በል። ደውለህ ብትሰድበኝ ስልኩን አነሣለሁ። ዝም ብትልም መብትህ ነው።

የፖስታ ሳጥን እዚሁ በር ላይ አለ። ይህንን መጀመሪያ እሱ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ፌሪው ላይ ሐሳቤን ብቀይር እንኳ ደብዳቤው አይመለስም። ራሴን ስለማውቀው ነው።

ቆሜ ነው የምጽፈው። ሻዲያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ እያየችኝ ነው። «ወዴት ነው? አንድ እጅጌ ነው እኮ የቀረኝ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም» ትለኛለች። ተዪው አልኳት። አልወደድከውም እንዴ አለችኝ። ወድጄዋለሁ አልኳት፤ እውነቴን ነው። ፌሪው ሊነሣ አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ኮቱን ትቼላት እየወጣሁ ነው።

ሎርን